ባለ አራት መቀመጫ

ሳን ሊያንድሮ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ክንፉ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ ዘግይቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? የወርቅውሃ በቴሌግራም የላከችልኝን ፎቶ አይቼ ደስ አለኝ፤ ከሳ ብለዋል እንጂ ፊትዎ ደህና ነው። እርሷን እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤት ሆና የእጅ ጽሑፍዎን ፎቶ እያነሳች ባትልክልኝ፣ ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ በምን እንገናኝ ነበር? እኔም እንደ እርስዎ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን እልካለሁ። ስልክ ላይ ፊደል ስለቅም ሐሳቤ ይጠፋብኛል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ማቲዎስ ለበዓሉ ከኮሌጅ መጥቶ ገና አልተመለሰም። ዮዲ ቁመቷ እኔን አልፏል። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ግን የሚያመልጣት ነገር የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አምሐ አውሮፕላን ሊገዛ ነው። አይሳቁብኝ።

የአብራሪነት ፈቃዱን ያወጣ ጊዜ ነግሬዎት ነበር፤ እርስዎም «በርታ በዪው» አሉኝ። እኔ ያኔ እንደ ስፖርት ነገር ነበር የቆጠርኩት፤ አንዳንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ የኔ ባል ቅዳሜ ቅዳሜ ይበራል ብዬ። የሆቴል ሻትል እየነዳ ኦክላንድ ኤርፖርት ሲመላለስ፣ አጥሩ ሥር የቆሙትን ትንንሽ አውሮፕላኖች እያየ ስንት ዘመኑ ነው። አሁን ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አሮጌ አውሮፕላኑን ሊሸጥ ነው። ባለ አንድ ሞተር ነው፣ ባለ አራት መቀመጫ። «ልክ እኛን ያህል» ይላል አምሐ። ለቤት ዳውን ፔይመንት፣ ለቅድሚያ ክፍያው፣ ብለን ያስቀመጥነውን ነው የሚያወጣው፤ እሱን እንኳ ችዬዋለሁ።

ዕድሜ ልኩን የአየር ኃይል ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ከኖረ ወንድም በላይ ማንን ልጠይቅ? ምን ምን መታየት እንዳለበት ይጻፉልኝ። ብቻ አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ የምጠይቅዎ እንዲገዛው ብዬ አይደለም።

እህትዎ ሀረገወይን

—

ቢሾፍቱ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀረግዬ፣

አልሳቅኩም። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩና ተነስቼ በረንዳው ላይ ተመላለስኩ። ከእኛ ቤት ሰው አውሮፕላን ሊገዛ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመንግሥት አውሮፕላን ጠገንኩ፤ የራሴ ብዬ የያዝኩት ብስክሌት ብቻ ነው። ጉልበቴን ተይው፣ የሽማግሌ ጉልበት ነው።

ለአምሐ እንዲህ በይልኝ። ቀለሙን አይይ፤ ቀለም ለመኪና ገዢ ነው። የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጣም ቀርቦ ፎቶ ያንሳልኝ። ከዚያ መሬት ተጋድሞ ሆዱን ያንሳው፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ሆዱ ላይ ይታወቃል። ክንፎቹ ከገላው ጋር የሚያያዙበትን ቦታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ ጎማውን። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክም ከፍቶ ይይለት፤ ፎቶ የእጅን ያህል አያይም።

ዋናው ግን ድምፁ ነበር። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቆሜ ካዳመጥኩ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም ነበር። መኮንኖቹ «ክንፉ ምን አለ?» እያሉ ይጠብቁ ነበር። ያው ድምፅ ነው ጆሮዬን የወሰደው። አሁን ጄት በላዬ ሲያልፍ የማውቀው መስኮቱን በእጄ ስነካው ነው።

«እንዲገዛው ብዬ አይደለም» ያልሽው አልገባኝም። ፈርተሽ ነው? አንቺ በሱዳን በረሃ የወጣሽ ሴት ነሽ፤ ፈሪ ብዬ አላውቅሽም። ወይስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?

ወንድምሽ ክንፉ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ክንፉ፣

ፎቶዎቹን አምሐ ራሱ ልኮልዎታል። መሬት ተጋድሞ ሆዱን ሲያነሳ ያየው ሰው፣ ልጅ የተወለደለት ይመስለው ነበር።

ቅዳሜ ሁላችንም ሳን ሆዜ ሄድን። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ከኋላ መቀመጫው ኪስ ውስጥ የልጆቹ የቀለም እርሳስ እስካሁን አለ። ሊያወጣው ሲል ዮዲ «ሊቭ ኢት» አለችው፤ እዚያው ይቆይ ማለቷ ነው። ሰውየው ፊቱን አዞረ። ማቲዎስ ፊት ተቀመጠ፣ ዮዲ ከኋላ። አምሐ በሩን ይዞ «አንቺስ?» አለኝ። ገብቼ ከዮዲ ጎን ተቀመጥኩ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሬት ላይ ቆሞ፣ አራታችንም ፊት ፊታችንን አየን። ቤተሰቤ እንደዚያ በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ ከተቀመጠ ቆይቶ ነበር።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። «ይሄ አውሮፕላን አይሆንም» ብለው ይጻፉለት። ዝገት አየሁ ይበሉት፣ ስንጥቅ አየሁ ይበሉት፣ የፈለጉትን። የእኔን ቃል ይጥላል፣ የእርስዎን አይጥልም።

ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። በልጆቼ ስም ምያለሁ።

ሀረገወይን

—

ቢሾፍቱ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀረግዬ፣

ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ያደረግኩትን እነግርሻለሁ።

«አይሆንም» ብዬ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ። በዚያው ቀን የወርቅውሃ ስልኳን ይዛ መጣች፤ አምሐ በቪዲዮ እየጠራኝ ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ምንም አልሰማም። ሞተሩን አስነሳልኝ። ፕሮፔለሩ አንዴ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ጠፋ፤ ማለቴ ከመፍጠኑ የተነሳ ከዓይን ተሰወረ። ስልኩን ተቀብዬ መዳፌ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፤ ድምፁ በእጄ የሚገባ መስሎኝ። ትንሽ ይነዝራል። ስልኩ ይሁን ሞተሩ እንጃ። የወርቅውሃ «ጋሼ፣ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፋው፣ አይቆራረጥም» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ።

ያየለት መካኒክም ንጹሕ ነው ብሏል። እኔም ያየሁት ሁሉ ንጹሕ ነው። አንድ ሰው ያንን ማሽን ዕድሜውን ሙሉ እየወለወለ ነው የኖረው። ጤነኛ ማሽንን ታሟል ማለት እጄ አልቻለም፣ ሀረግ። ወረቀቱን ቀደድኩና «ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

ተቆጪኝ። ግን የማላውቀውን ምክንያት ይዤ ሰው ላይ መዋሸት አልቻልኩም።

ክንፉ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ወንድሜ፣

እንኳን ደስ አለዎ። ገዝቶታል። ትናንት ከሳን ሆዜ ኦክላንድ አምጥቶ አጥሩ ሥር አቆመው፤ ስንት ዓመት ከውጭ ሲያየው በኖረው ቦታ። የጻፉለትን ወረቀት ፕሪንት አድርጎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። «ጋሼ ክንፉ ጥሩ ነው ብለዋል» ይላል ለመጣው ሁሉ።

ለእርስዎ እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ለሦስት ቀን አልጽፍም ብዬ ነበር። አሁን ግን መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

የታመመው አውሮፕላኑ አይደለም።

ለኅዳር ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ቆመን ሳለ አምሐ ወደቀ። ጾም ነው፣ መቆም ነው ተባለ፤ ውሃ ሰጡት፣ ተነሳ። እኔም አመንኩ። ቀጥሎ ግን በሥራ ላይ ሆነ። ሻትሉን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ ሻንጣ የሚያወርድለትን የሚጠብቅ ተሳፋሪ መስታወቱን ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ፣ መሪውን እንደያዘ ዝም። ሲነቃ ሰውየው ፊቱ ቆሟል። «ትንሽ አንቀላፋሁ» አለው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ነግሮኝም እጄን ይዞ በማቲዎስና በዮዲ አስማለኝ። ለማንም እንዳልናገር።

ለገና ደግሞ ዳቦውን ሊቆርስ ቢላዋ ይዞ ቆመ። ዓይኑ ክፍት ነው። እኛን ያያል፣ አያየንም። ዮዲ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ እንደ ሰው ተመለሰና ቆረሰ። ምን እንደሆነ አያውቅም። ምንም እንዳልሆነ ነው የሚያውቀው።

የበረራ ሐኪሙ «ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» ብሎ ፈርሟል።

አሁን አወቁት። ምን ያደርጉልኛል?

ሀረገወይን

—

ቢሾፍቱ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አልገባልኝም፤ የወርቅውሃ አመመዎት ወይ ትላለች፣ አልነገርኳትም።

ያንን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ አንሺልኝ። አይ፣ ተይው፤ ብታነሺው ይጠይቅሻል።

እዚህ የማውቀው አንድ የነርቭ ሐኪም አለ፣ የድሮ ጓደኛዬ ልጅ። ሄጄ በወረቀት ተጫወትን። የጠየቀኝን ጥያቄ ሁሉ በሌላ ገጽ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። አንድ በአንድ መልሺልኝ። አትፍሪ፣ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ።

እስከዚያው ብቻውን እንዳይበር። እባክሽ።

ክንፉ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

በንዴት የጻፍኩትን ይርሱልኝ። ጥያቄዎቹን እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

አዎ፣ ዓይኑ ክፍት ነበር። አይ፣ አልተንቀጠቀጠም፣ አረፋም አልነበረም። አባቱን አላውቅም፤ እናቱ ግን «ልባቸው ትሄድባቸው ነበር» ይባላል። አይጠጣም። እንቅልፉ ትንሽ ነው፣ የጠዋት ሺፍት ስለሆነ። አይ፣ ከገና ወዲህ አላየሁም። አላየሁም ማለት አልሆነም ማለት እንዳልሆነ ገብቶኛል።

የመጨረሻውን ጥያቄ፣ «ለምን ለሐኪሙ አትነግሩትም» የሚለውን፣ እዚህ አገር ቢሆኑ አይጠይቁኝም ነበር። ራሱን የሚስት ሰው ሐኪም ዘንድ ከቀረበ፣ ሐኪሙ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ ሕግ ነው። በማግስቱ አምሐ ሹፌር አይደለም። የቤት ኪራዩ በእሱ ነው፣ የአራታችንም የሕክምና ኢንሹራንስ በእሱ ሥራ ነው የሚመጣው። እኔ አረጋውያን ቤት ሠርቼ የማገኘው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው ያስማለኝ እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሻትሉን በየቀኑ ይነዳል። እሱንስ ምን አድርጌ ዝም አልኩ? ስለ አውሮፕላኑ ስጮህ የከረምኩት፣ ስለ መኪናው መጮህ ስላልቻልኩ ይመስለኛል።

ለጊዜው ብቻውን አይበርም። ለእሱ አዲስ አውሮፕላን ስለሆነ የአውሮፕላኑ ኢንሹራንስ የበረራ አስተማሪ አብራው እንድትቀመጥ ያዛል። ጎበዝ ልጅ ናት ይላሉ። እርሷ ከፈረመችለት በኋላ ግን ነጻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ዮዲን ይዞ ሞንተሬይ ሊሄድ ቃል ገብቶላታል። ዓሣ ነባሪ ከላይ ይታያል ብሏት።

እለምነዋለሁ፣ «ሐኪም ዘንድ እንሂድ» እለዋለሁ። «ደህና ነኝ፣ ሀረግ። ደስታዬን አትቀሚኝ» ይለኛል። ጮክ ብሎ እንኳ አይደለም የሚለኝ።

ሀረግ

—

ቢሾፍቱ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀረግዬ፣

ዘግይቻለሁ፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ለአምሐ ጻፍኩለት። አይዞሽ፣ ያንን ነገር አላነሳሁም። ስለ አብራሪ ጤና በጠቅላላው ጻፍኩ፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ መመርመር እንዳለበት፣ እኛ ዘንድ ትልልቅ መኮንኖች ሳይቀሩ በየጊዜው ይታዩ እንደነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ጋሼ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ» ይላልና፣ ለሞተሩ የትኛው ዘይት እንደሚሻል ይጠይቀኛል።

ዘይቱን ነገርኩት። ምን ላድርግ?

የእኛ ሥራ ቀላል ነበር። ብረቱ ላይ ስንጥቅ ካየሁ ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ፤ ያ ጨርቅ እስካለ ጄኔራልም ቢመጣ አውሮፕላኑ አይነሳም። ማንም አይቀየመኝም። ሰው ላይ ቀይ ጨርቅ የሚያስር ማን ነው? «አንቺ ነሽ» ልልሽ ብዕር አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እዚህ ተቀምጬ፣ የቤት ኪራይ የማልከፍል፣ ባል የማያኮርፈኝ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልበልሽ?

ሐኪሙ መልሶችሽን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ መታየት አለበት» ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ለመስማት ሐኪም አያስፈልገንም ነበር።

ጾሙ በሰላም ያስፈጽምሽ። ክንፉ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ክንፉ፣

በረርኩ።

አስተማሪዋ ፊት፣ ከአምሐ ጎን፣ እኔ ከኋላ። ዮዲ ልምጣ ስትል ትምህርት አለሽ ብዬ ከለከልኳት፤ አንድ ነገር ቢሆን እሷ እንድትተርፍ ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ሒሳብ የምሠራ እናት ሆኛለሁ።

ስለ ፍርሃቴ ልጽፍልዎ ነበር ያሰብኩት። ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከመሬት እንደተነሳን የአምሐ ትከሻ ወረደ። ሌላ ጊዜ ትከሻው ወደ ጆሮው የተጠጋ ነው፤ ሻንጣ ተሸክሞ፣ «የስ ሰር» ብሎ፣ መንገድ ለቆ የኖረ ሰው ነው። እዚያ ላይ ወረደ። በሬዲዮ ሲያናግሩት በእርጋታ ይመልሳል፤ «ምን አልክ፣ ድገምልኝ» የሚለው የለም። የሳን ማቴዮን ድልድይ አሳየኝ፣ የጨው ኩሬዎቹን አሳየኝ፤ ቀይ ናቸው፣ ሐምራዊ ናቸው፣ እኔ በአጠገባቸው በአውቶቡስ ስመላለስ ቀለም እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር። ዞሮ «አየሽው?» አለኝ። ይህን ሰው ካገባሁት ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

እኔ ግን የማየው ድልድዩን አልነበረም። ማጅራቱን ነው። እያንዳንዱን ዝምታውን ነው የምቆጥረው። መልስ ሲዘገይ «አምሐ?» እላለሁ፣ «ወይ» ይላል። «አምሐ?» «ወይ፣ ሀረግ፣ ምነው?» አስተማሪዋ ሳቀችብኝ።

እንደ ላባ አሳረፈው። እርሷም ፈረመችለት። «ሂ ኢዝ ኤ ናቹራል»፣ ለዚህ የተፈጠረ ነው፣ አለችኝ፣ እኔን ደስ ልታሰኝ።

በሚመጣው ሳምንት የዓመት ምርመራ አፖይንትመንት አለው፤ የደም ግፊት ምናምን። እኔም እሄዳለሁ ብያለሁ። ለምን እንደምሄድ ለራሴም አልነገርኩም።

ሀረግ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ነገርኩ።

ሐኪሟ እንደ ወትሮዋ እየጻፈች ጠየቀችው። ታጨሳለህ? ኖ። ደረትህን ያምሃል? ኖ። ማዞር፣ ራስ መሳት አለ? «ኖ» አለ። ወደ እኔ አላየም። እሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልታልፍ ጣቷን አነሳች።

«የስ» አልኩ።

እንግሊዝኛዬ እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ። የማውቀውን ቃል ሁሉ ሰብስቤ ተናገርኩ፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሻትሉን፣ ቢላዋውን። እሷ መጻፏን አቁማ ወንበሯን አዞረች። አምሐ በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «ሀረግ፣ ተይ» አለኝ። አልተውኩም። «ተይ እባክሽ» አለኝ። ጨረስኩት።

«ኢዝ ዲስ ትሩ?»፣ እውነት ነው ወይ፣ አለችው። «ማይ ዋይፍ ኢዝ ዎሪድ»፣ ሚስቴ ሰግታ ነው፣ አለ።

መኪናችን ጋ ስንደርስ ቁልፉን ሰጠኝ። ሐኪሟ ከዛሬ ጀምሮ አትንዳ ስላለችው ነው። ቁልፉን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥ እጄን እንዳይነካ ተጠነቀቀ።

በልጆቼ የማልኩትን አፍርሼ ነው የምጽፍልዎ። ይጸልዩላቸው።

ሀረገወይን

—

ቢሾፍቱ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀረግዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ደግ አደረግሽ ብዬ ልጽፍልሽ ፈለግኩ። ያንን ቃል ከሩቅ መወርወር ቀላል ሆኖ ታየኝና ተውኩት። ከአምሐ አንድ መስመር ደርሶኛል፤ ሰላምታ የለውም። «ጋሼ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?» ይላል። «አውቅ ነበር» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ አልጻፈልኝም።

አጠገብሽ ብሆን ኖሮ የማደርገውን አስባለሁ። አጠገብሽ ብሆንም የማደርገው የለም፤ ምናልባት በር ላይ እቀመጥልሽ ነበር።

ምርመራው ምን አለ? ምንም ይሁን ጻፊልኝ።

ክንፉ

—

ሳን ሊያንድሮ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ክንፉ፣

ስላልጻፍኩልዎ ይቅርታ። የምጽፈው ስላልነበረኝ ሳይሆን፣ በጻፍኩ ቁጥር እንደ ክስ ስለሚሆንብኝ ነው።

ምርመራው ምንም አላገኘም። ጭንቅላቱን በሽቦ ሸፍነው መረመሩት፣ ምንም። ልቡ ላይ የሚቆጥር ነገር ለጥፈውለት ሰነበተ፣ ምንም። «ሁሉ ነገር ኖርማል ነው» አሉን። አምሐ ውጤቱን አምጥቶ የምበላበት ሳህን አጠገብ አስቀመጠልኝና ሄደ። መንጃ ፈቃዱ ግን ታግዷል፤ ዳግም አለመከሰቱ እስኪታይ ድረስ። ሥራውም ሄደ። እኔ በሁለት አረጋውያን ቤት እሠራለሁ፤ ኢንሹራንሱን በአንዱ አገኘሁ፣ ተመስገን። ማቲዎስ በየሳምንቱ ኮል ያደርጋል፣ ከአባቱ ጋር ያወራል። ዮዲ አንድ ቀን ብቻ ተናገረችኝ፤ «ዩ ዲድ ዘ ራይት ቲንግ፣ ማም»፣ ትክክል ነው ያደረግሽው፣ አለችና፣ ቆይታ በአማርኛ «ግን እሱ አዘነ» አለች።

ከሐኪም ቤት ከወጣን ጀምሮ አምሐ አናግሮኝ አያውቅም። አይሰድበኝም፣ አይቆጣኝም። ጨው አቀብዪኝ የሚለው እንኳ ለዮዲ ነው።

አውሮፕላኑን ሸጠው። ከኮንኮርድ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ነፍሰ ጡር ናት። ዛሬ ጠዋት ኦክላንድ ሄደን አስረከብን፤ የነዳሁት እኔ ነኝ። አምሐ ረጋ ብሎ ሁሉንም አስረዳቸው። በሩ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ ማድረግ እንደሚፈልግ፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሞተሩ እንዴት እንደሚባበል። የፊት መስታወቱን በራሱ ጨርቅ ወለወለላቸው። ሲነሱ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ አየ፤ በኮረብታው ላይ ዞረው እስኪጠፉ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ።

ፍሪዌይ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ላይ መንዳት እስካሁን ይጨንቀኛል። ኤይት ኤይቲ የሚሉት መንገድ መግቢያ ላይ ከጎኔ ከባድ መኪና መጣ፣ ከኋላዬ ጥሩንባ ይነፉብኛል፣ መግባትም መቆምም አቃተኝ። ያኔ አምሐ ተናገረ።

«ፍሬን አትያዢ» አለኝ። «መስታወት እዪ። እሱ ይለፍ። አሁን፣ ስጪው፣ ግቢ።»

ገባሁ። «ጎበዝ» አለኝ። ጋሼ፣ «ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ስለ ከባዱ መኪና ነጂ፣ ስለ መንገዱ፣ ይሄ ሌይን ሁልጊዜ እንደሚጨናነቅ ትንሽ ትንሽ ያወራ ጀመር። እኔ ቃል ብናገር የሚቋረጥ መስሎኝ «እህ፣ እህ» ብቻ እላለሁ።

የእኛ መውጫ ሲቃረብ «እዚህ ጋ ልውጣ አይደል?» አልኩት። ዝም። «አምሐ?» ዝም። ዘወር ብዬ አየሁት። ዓይኑ ክፍት ነው። መንገዱን ያያል፣ አያየውም። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ጣቶቹ ወረቀት እንደሚፈትሽ ሰው ይነካካሉ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ነዳጅ ማደያው ዳር አቆምኩና እጁን ያዝኩት። በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩት። ሞቃት ነው እጁ። ሰዎች ነዳጅ እየቀዱ ይሄዳሉ።

ከዚያ ወደ ራሱ ተመለሰ። እጁን አየ፣ እኔን አየኝ። አልሸሸኝም።

«ለምን ቆምሽ?» አለኝ።

«መስታወቱን ላስተካክል ብዬ ነው» አልኩት።

«መስታወት ሳትነሺ ነው የሚስተካከለው» አለኝ። «በይ ነይ፣ ሲግናል ሳታሳዪ እንዳትወጪ።»

«እሺ» አልኩት።

ቤት ገብቶ አሁን ከዮዲ ጋር እየተጫወተ ነው፤ ድምፁ እዚህ ይሰማኛል። ነገ ለሐኪሟ ኮል አደርጋለሁ፤ ለእሱም እነግረዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ካወቁ ይጻፉልኝ። ዛሬ ግን ያናገረኝ ቀን ነው፤ ዛሬን ልተወው።

እህትዎ ሀረገወይን